ዳገት የማያውቀው ልብ

ወንድሜ ተሬፋ ውሸታም አይደለም። ፈረስ ሲሸጥ እንኳ የፈረሱን ነውር ገዢው ሳይጠይቀው የሚዘረዝር፣ በዚህም ሚስቱን ሃዋኒን ሲያበግን የኖረ ሰው ነው። የሚዋሸው አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው፤ «እንዴት ነህ?» ሲሉት። በአማርኛ የጠየቀውን «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ይለዋል። በኦሮምኛ «አካም ጅርታ?» ያለውን «ነጋ፣ ገለታ ዋቃዮ» ይለዋል። አንድ ጊዜ በቅሎ ረግጣው ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ በቃሬዛ ሲያመጡት፣ ለመንገደኛው ሁሉ «ደህና፣ ደህና» እያለ ሰላምታ ሲመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በእኛ አገር ሰላም ሲሉት ሕመሙን የሚያወራ ሰው እንደ ባለጌ ስለሚቆጠር ማንም አይፈርድበትም። እኔ ግን ነርስ ነኝ፤ እፈርድበታለሁ።

ለንሳ እባላለሁ። አምቦ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ተሬፋ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ቀድሞ ስለሞተ አሳድጎ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ቤቱ ሐሮ ወንጪ ነው፣ ሥራው ፈረስ። ሐይቁ ከታች ነው፣ ገደሉ ውስጥ። ሐይቁን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ከላይ ከመኪናው ይወርድና በፈረስ ተቀምጦ እስከ ውሃው ዳር ይሄዳል፤ በጀልባ ዞሮ ሲመለስ ደግሞ በፈረስ ይወጣል። የሚቀመጠው እንግዳው ነው፤ ባለፈረሱ ልጓም ይዞ በእግሩ ነው። ሥራው በማህበር ነው፣ በተራ። ተራ የሚጠሩት ሊቀመንበሩ ኦቦ ዋቅቶላ ናቸው። ተሬፋ ያንን ዳገት በቀን ሁለቴ ሦስቴ እየወጣ ነው ጎልማሳ የሆነው።

በ2002 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ አርባ አራት ዓመቱ ነበር፣ አምቦ ገበያ መሐል ገብስ እያስመዘነ ሳለ ዝም ብሎ ወደቀ። ልቡ በደቂቃ ሠላሳ አራት ጊዜ ብቻ ነበር የምትመታው። አዲስ አበባ ወሰድነው። በበጎ ፈቃድ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳው ሥር፣ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ቀበሩለት፤ ጠፍጣፋ ነው፣ የክብሪት ቀፎ ቢያህል ነው። ቤተሰቡ «ባትሪው» ይለዋል። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ «ከባድ ሥራ አይሥራ» አለኝ። የወንጪ ዳገት ከባድ ሥራ ነው ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። መልሱን ስለፈራሁ አልጠየቅኩም። ከሦስት ወር በኋላ ተሬፋ ዳማ የሚባለውን ፈረሱን ይዞ ተራው ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ አምቦ በመጣ ቁጥር እንደ ሙያው ደንብ አስቀምጠዋለሁ፣ አምስት ደቂቃ አሳርፈዋለሁ፣ ከዚያ የእጁን ሥር ይዤ እቆጥራለሁ። ስልሳ። በሌላውም ወር ስልሳ። «ከኔ ልብ ያንተ ትሻላለች» እለዋለሁ፤ ይስቃል፤ ደስ ብሎኝ እሸኘዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ሰው ልብ ስቆጥር ከረምኩ። ወንድሜ ደግሞ ተቀምጦ የሚውል ሰው አይደለም። ይህን ለማሰብ ዲፕሎማ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ዲፕሎማ እያለኝ አላሰብኩትም።

በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጠይቃቸው ወንጪ ሄድኩ። ሃዋኒ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደ ጓሮ ጎተተችኝ።

«ለንሳ፣ ሰውዬው ጭራ መያዝ ጀምሯል» አለችኝ።

«የምን ጭራ?»

«የዳማን ጭራ ነዋ! ዳገቱን ሲወጣ ልጓሙን ፈረሱ አንገት ላይ ይጥልና ከኋላ ጭራውን ይዞ ይጎተታል። ሰው እንዳያየው መታጠፊያው ላይ ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ እንጨት ለቀማ ሄጄ አየሁት። እንዳላየሁ ሆኜ ተመለስኩ።» ይህን ስትለኝ የነጠላዋን ጫፍ እያኘከች ነበር።

ጭራ ይዞ ዳገት የሚወጣ ሽማግሌ ነው፣ ወይም ከጠጅ ቤት የሚመለስ ሰው። አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ፈረሰኛ ጭራ ያዘ ከተባለ በአገሩ አበቃለት ማለት ነው። ተሬፋን ጠየቅኩት። «ኧረ ደህና ነኝ፣ ሴቶች ደግሞ ወሬ ስትወዱ» አለ። እኔ ደግሞ በዚህ የምመለስ አይደለሁም። ጫማዬን ቀይሬ እጁን ያዝኩና በሐይቁ መንገድ ይዤው ወረድኩ።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ነው የወረድነው። ታች ስንደርስ እጁን ያዝኩ። መቶ አሥራ ሁለት። ለቁልቁለት ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ብዬ ደነገጥኩ። አርፈን መውጣት ጀመርን። ተሬፋ ዳገት ሲወጣ አይቸኩልም፤ እግሩን ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ ቀስ አድርጎ ይጥላል፣ ትከሻው አይነቃነቅም። ግማሽ መንገድ ላይ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ድጋሚ እጁን ያዝኩ። ስልሳ ሁለት። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። ስልሳ ሁለት። የእኔ ልብ ያን ጊዜ ከአንገቴ ልትወጣ ምንም አልቀራትም፣ የእሱ ግን አልጋ ላይ የተኛ ሰው ልብ ነበረች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሰማህ? እውነቱን።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እዚህ ስደርስ መብራት ይሄድብኛል» አለ። «ፈረስ ላይ ስቀመጥ ደግሞ፣ ዳማ ሶምሶማ ከረገጠ፣ ልቤ ትደልቃለች። ቁጭ ብዬ እኮ ነው፣ ለንሴ! ስሠራ ትተኛለች፣ ስቀመጥ ትሮጣለች። ባትሪው አብዷል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«በየወሩ እጠይቅህ የለ!»

«እንዴት ነህ ነው የምትይኝ» አለ። «እሱ ጥያቄ ነው እንዴ?»

አምቦ ከተመለስኩ በኋላ ሰላም አጣሁ። መርፌ እየወጋሁ ስለ ዳገቱ አስባለሁ። ባትሪውን የሚያስመረምርበት የአዲስ አበባ ቀጠሮ መስከረም ላይ ነበር፤ ሐኪሟ አንድ ነገር እንደምታደርግ ተስፋ አደርግና ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ይመጣብኛል። ፈረሱን ብትከለክለውስ? እንግዳ የሚበዛው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ተሬፋ ከፈረስ ሌላ የሚያውቀው የለም። ማህበሩ ውስጥ ስሙ ከተሰረዘ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ቤት የሚውል ተሬፋን ደግሞ ማሰብ አልቻልኩም። ስለዚህ አንድ የማይረባ ብልሃት ፈጠርኩ።

«ጋሼ፣ እዚያ ስንደርስ ፈረስ የሚባል ነገር አታንሳ» አልኩት። «ገበሬ ነኝ በል። ውሸት አይደለም፣ ገብስህ አለ።»

አልወደደውም። ግን እኔ የተማርኩት ነኝ፤ ያስተማረኝም እሱ ነው፤ እሺ አለኝ።

ዶክተር ውባየሁ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ተሬፋን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ የተያያዘ ክብ ነገር ደረቱ ላይ አስቀመጠች። ባትሪው ያጠራቀመውን ሁሉ እየተነበበ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«አቶ ተሬፋ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ ጌታ ይመስገን።»

«ድካም አለ?»

«ጌታ ይመስገን።»

«ሥራ ላይስ ያስቸግርዎታል?»

«ኧረ ጌታ ይመስገን፣ ዶክተር።»

ጻፈች። ምን እንደጻፈች ከጎኗ ቆሜ አየሁት፤ ምንም ችግር የለም ነው የሚለው። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። ምቱ አብዛኛውን ጊዜ ስልሳ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን እስከ መቶ ሃያ የሚደርስ አለ። «ይህ ምንድን ነው? ይሮጣሉ?» አለችው።

ተሬፋ እኔን አየኝ። «አንዳንዴ ይደልቃል» አለ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ገበሬ ነኝ።»

«ሲደልቅስ ምን እየሠሩ ነው?»

«ቁጭ ብዬ ነው» አለ። እውነቱን ነው። የተቀመጠው የት እንደሆነ ግን አልተናገረም።

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው መሣሪያው ያለ ነገሩ እየቸኮለ ነው። እንቅስቃሴ የሚሰማበትን ስሜት ትንሽ እንቀንስለት» ብላ ቁልፎቹን ነካካች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ እንዲራመድ ጠየቀችው። ተሬፋ ጋቢውን አስተካክሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በሐኪም ፊት መሄድ እንደሚገባው ሄደ። በዚያ ዓይነት አካሄድ ባትሪው አይደለም ወለሉም መሄዱን አይሰማም። «ጥሩ ነው» አለች። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። የምትቀንሰው ዳገቱን ሊያወጣው የሚችለውን ነገር እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። እንደ ነርስ አውቄ እንደ እህት ዝም አልኩ።

በሚኒባስ ስንመለስ፣ ጊንጪን እንዳለፍን ተሬፋ «ጸጥ አለልኝ፣ ለንሴ፣ ተገላገልኩ» አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ መስኮቱን እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ። ጤና ጣቢያ በየማክሰኞው ለሚመጡት እናቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልኩ የማስተምር እኔው ነኝ።

ጥቅምት 10 ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ለአንድ ሕፃን ክትባት እያዘጋጀሁ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ዋቅቶላ ነበሩ።

«ለንሳ፣ አትደንግጪ» አሉኝ።

«አትደንግጪ» ብሎ የሚጀምር ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ለስንት ሰው እንዲሁ ብዬ ጀምሬያለሁ። መርፌውን አስቀመጥኩ።

«በሕይወት አለ?»

«አለ፣ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳማ ብቻውን መጣ።»

ዳማ ብቻውን አልነበረም። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ላዩ ላይ ተቀምጣ ሐይቁን ፎቶ እያነሳች ነበር። ፈረሱ መንገዱን ያውቃልና እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ወጥቷል። ባለቤቱ ከኋላዋ አለመኖሩን ሴትዮዋ አላወቀችም፤ ላይ ደርሳ «አመሰግናለሁ» ልትል ዞር ስትል ማንም የለም። ኦቦ ዋቅቶላ ፈረስ ያለ ባለፈረሱ ሲደርስ ሲያዩ፣ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዱላቸውን ጥለው ቁልቁል ሮጡ። ተሬፋን መታጠፊያው ላይ አፈር ላይ ተቀምጦ አገኙት። ላቡ ችፍ ብሎ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ማንን እንደሚያይ አያውቅም። «ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» ሲሉት ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ነጋ፣ ገለታ ዋቃዮ።»

«ለንሳ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ወንድምሽን እወደዋለሁ። ግን እንግዳዋ ብትወድቅ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ከሐኪም ወረቀት እስኪያመጣ ተራ አልጠራውም።»

በባጃጅ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ በአይሱዙ ጋቢና ወንጪ ደረስኩ። መንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፤ ወንድሜን የጣለው ዳገቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ቤት ስገባ መደብ ላይ ጋደም ብሏል፣ ሃዋኒ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ሲያየኝ ሊነሳ ተንጠራርቶ «ለንሴ፣ ደህና መጣሽ...» ሲል ትዕግሥቴ አለቀ።

«ደህና ነኝ ካልክ እዚሁ ጥዬህ ነው የምሄደው!» ብዬ ጮኽኩበት። በሕይወቴ ጋሼ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

እንባው ወረደ። «ሴትዮዋን በደህና ላይ አላደረስኳትም» አለ። «ሃያ ዓመት ስሠራ እንግዳ ብቻውን ልኬ አላውቅም። ጭራው አመለጠኝ፣ ለንሴ። እንድትቆም ልጠራት ፈለግኩ፣ ድምፅ አጣሁ።» እኔም አለቀስኩ። ሃዋኒ ግን አላለቀሰችም፤ ተነስታ ልብሱን በዘንቢል ማዘጋጀት ጀመረች።

ማክሰኞ ዶክተር ውባየሁ ፊት ቀረብን። ገና «እንዴት ነ...» ስትል አቋረጥኳት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፈረሱን፣ ዳገቱን፣ ጭራውን፣ ቁልቁለት ላይ የቆጠርኩትን፣ ዳገት ላይ የቆጠርኩትን፣ ገበሬ ነኝ በል ያልኩትም እኔ መሆኔን። ፊቷ ጠቆረ።

«ሲስተር፣ እርስዎ እኮ የሙያው ሰው ነዎት» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ከዚያ በላይ የሚያምም ነገር ልትለኝም አትችልም ነበር።

ከዚያ ወደ ተሬፋ ዞረች። «አቶ ተሬፋ፣ ይህ ባትሪ ዓይን የለውም። ዳገት ይሁን ሜዳ አያይም። የሚሰማው የሰውነት መነቅነቅ ብቻ ነው። ሲነቃነቁ፣ ይሄ ሰው እየሠራ ነው ብሎ ይፈጥናል። ሳይነቃነቁ ሲቀሩ ተኝቷል ብሎ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ይዘላሉ፣ ስለዚህ ይፈጥናል። ፈረስ ላይ ፈረሱ ይነቀንቅዎታል፣ ስለዚህ ይፈጥናል። ዳገት ላይ ግን ቀስ ብለው ነው የሚወጡት፤ ስለዚህ ተኝተዋል ይላል። እኔ ደግሞ ባለፈው ይባስ አደነቆርኩት።»

ተሬፋ ደረቱን ዳበሰ። «አላበደም ማለት ነዋ» አለ።

«አላበደም። አልነገርነውም እንጂ።»

መጀመሪያ የራሱ ልብ ያለ ባትሪው ምን ያህል እንደሚሠራ ማየት ነበረባት። «ለጥቂት ሴኮንድ ቀስ በቀስ ዝቅ አደርገዋለሁ። የተለየ ነገር ከተሰማዎት ወዲያው ይንገሩኝ» አለች። ሃምሳ። አርባ አምስት። አርባ። የተሬፋ ጣቶች የአልጋውን ብረት ጨበጡ። «ምን ይሰማዎታል?» ስትለው አፉ ለለመደው ቃል ሲዘጋጅ አየሁት፤ «ደ...» አለ። ዓይኔን አፈጠጥኩበት።

«መብራቱ እየሄደ ነው!» አለ። ዶክተሯ ወዲያው ምቱን ከፍ አደረገችው። እሱ ገርሞት ነው የሚያየን፣ እውነቱን ሲናገር ሰው የሚታዘዘው መሆኑን ያን ቀን ገና ያወቀ ይመስላል።

ከዚያ ኮሪደሩን ተወችና ወደ ደረጃው ወሰደችን፤ አራት ፎቅ ነው። «እንደ ወንጪው ይውጡ» አለችው። ተሬፋ ጋቢውን ሊያጣፋ ሲጀምር ቀማሁት። ሁለት ሦስት ደረጃ ወጣና ቆመ። «ባዶ እጄን አልሆንልኝ አለ» አለ። ምን ላድርግ? የነጠላዬን ጫፍ ሰጠሁት፤ ልጓም መሆኑ ነው፤ እኔ ከኋላው ሆኜ ተከተልኩ። ሕመምተኛው፣ ጽዳት ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል። እኔን ሳቅም ፍርሃትም ባንድ ላይ ያዘኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከንፈሩ አመድ ሆነ። ስልሳ አራት።

ወርደን፣ እሱ አርፎ፣ ዶክተሯ አስተካክላ፣ እንደገና። ሰማንያ። ከንፈሩ ግን አሁንም ደስ አይልም። እንደገና አስተካከለች፤ ትንሽ ነቅነቅ ሲል እንዲሰማ፣ ፈጥኖ እንዲነሳ፣ ደግሞ ቶሎ እንዳይወርድ፤ ከላይም ከዚህ አትለፍ የሚል ጣሪያ አበጀችለት። በሦስተኛው ሙከራ አራተኛ ፎቅ ደርሶ ቆመ። መቶ አራት። ከንፈሩ ቀይ ነው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ስተነፍስ እሱ «ደረጃው አለቀ እንዴ?» አለ። ልቤ በደስታ ዘለለች፤ ዶክተሯ ግን ፈገግ አላለችም።

ክፍሏ መልሳ አስቀመጠችው። «አሁን ዝም ብለው ይቀመጡ» ብላ ባትሪው ያለበትን ቦታ በጣቷ ጠብ ጠብ ታደርገው ጀመር፣ በፈረስ ሶምሶማ ልክ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ወጣ፤ ዘጠና፣ መቶ አሥር፣ መቶ ሃያ። ተሬፋ እጁን ደረቱ ላይ ጣለ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ፈረሱ ነው» አለችው። «ለዳገቱ እንዲሰማ ካደረግኩት ፈረስ ላይ ከድሮው ይብስብዎታል። ለፈረሱ ዝም ካሰኘሁት ዳገቱ ላይ ይወድቃሉ። ሌላ ዓይነት መሣሪያ ቢኖር ሁለቱም ይሆን ነበር፤ በዚህኛው ግን ሁለቱን ባንድ ላይ ልሰጥዎት አልችልም። ይምረጡ።»

ሰዉ ፈረስ ማለት ለተሬፋ ሥራ ይመስለዋል። ሥራውማ በእግሩ ነው። ተሬፋ በሰባት ዓመቱ ያለ ኮርቻ የጋለበ፣ በመስቀል ጉግስ ላይ ሦስት ቀበሌ ቆሞ ያየው ሰው ነው፤ ሃዋኒም ያገባችው በዳማ እናት ላይ ሆኖ ያደረገውን ግልቢያ አይታ ነው ይባላል። እንግዶቹን ሸኝቶ ሜዳው ላይ ብቻውን የሚጋልባት ያቺ ሩብ ሰዓት ናት የራሱ። ይህን ዶክተር ውባየሁ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ከውጭ የተረኛ ስም ሲጠራ ይሰማል። ደረጃውን ሲወጣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አሁን «ፈረሱን ይተውልኝ» ቢልስ? ሊል ይችላል። ብሎ ቢወድቅስ?

«ዳገቱን ይስጡኝ፣ ዶክተር» አለ።

በእግሩ መሥራት ይችላል የሚል ወረቀት ለማህበሩ ጻፈችለት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንጪ ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ከሆስፒታል የተመለሰ ሰው በእግሩ አይገባም፤ ያገሩ ደንብ ነው፤ ፈረስ ተጭኖ ይወጣለታል፣ ተቀምጦ ነው ቤቱ የሚገባው። ዳማን በቀይ ጥለት የተሸለመ ኮርቻ ጭነውታል። ኦቦ ዋቅቶላ ራሳቸው ናቸው ልጓሙን የያዙት፤ ወረቀቱን እንኳ አልጠየቁም። «ና፣ ውጣ» አሉት።

እንቢ ማለት ያገሩን ሰው ክብር መጣል ነው። ከዚያም የባሰ አለ፤ የተጫነ ፈረስ ባዶውን የሚጎተተው ባለቤቱ የሞተ ጊዜ ነው፣ ለቅሶ ላይ። ዳማ ባዶውን ቤት ከገባ ሟርት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ ቤት ድረስ ብቻ ይቀመጥ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ያ መቶ ሃያ ታየኝ። ተሬፋ ወደ ፈረሱ ሄደ፤ አንገቱን ዳበሰው፤ እርካቡን ያዘ። ልጮህ ደረስኩ።

«አልችልም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ኦቦ ዋቅቶላ፣ ሁላችሁም ስሙኝ። ፈረስ ላይ ስቀመጥ ያመኛል። ከእንግዲህ አልቀመጥም። በእግሬ ግን እወጣለሁ።»

ሽማግሌው የተሬፋን ፊት አዩ፣ የተጫነውን ፈረስ አዩ። «ታዲያ ይህ ባዶውን ይግባ?» አሉ ቀስ ብለው።

ተሬፋ ዞር ዞር ብሎ ሃዋኒን ፈለጋት። ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነበር። ያንን ፈረስ ለዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት ያበላችው እሷ ናት፤ ስንት ፈረንጅ የተቀመጠበት ኮርቻ ላይ ግን አንድ ቀን ተቀምጣ አታውቅም፤ ማንም ተቀመጪ ብሏት አያውቅም። እጇን ይዞ አመጣት። «ኧረ በሕግ!» እያለች ስትታገል፣ ሴቶቹ ሲስቁ፣ ኦቦ ዋቅቶላ እርካቡን ያዙላት፤ ወጣች። ሁለት እጇን የኮርቻው ግንባር ላይ አጣብቃ ዓይኗን ጨፈነች።

ቤታቸው ከመኪና ማቆሚያው ማዶ፣ አንዲት ትንሽ ወንዝ ተሻግሮ ጉብታው ላይ ነው። ተሬፋ ልጓሙን ይዞ ፊት ፊት ሄደ፤ ወንዟን አሻገረና ዳገቱን ጀመረ። እኔ ከኋላ ሆኜ ትከሻውን ብቻ ነበር የማየው፤ ይቆማል ብዬ፣ እጁ ወደ ኋላ ወደ ጭራው ይሄዳል ብዬ። አልሄደም። ይልቅ ስለ ሆስፒታሉ ደረጃ ለኦቦ ዋቅቶላ ማውራት ጀመረ፤ ስለ ነጠላዬ፣ ስለ ጽዳት ሠራተኛው ሳቅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገት ሲወጣ የሚያወራበት ትንፋሽ አልነበረውም። እንባዬ እየወረደ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ተከተልኩ።

«ሃዋኒ፣ ተመችቶሻል?» አላት ወደ ኋላ ዞሮ፣ እንግዶቹን በሚጠይቅበት ድምፅ።

«አልተመቸኝም! እፈራለሁ! ኧረ ቀስ በል!» ስትል ጮኸች።

ቀስ አላለም፤ እያወራ ዳገቱን ወጣው።